ገና ያልተበላ ዋንጫ

እኛ ወረዳ ውስጥ አንደኛ ያልወጣ ትምህርት ቤት የለም። ይህን የምለው ልኩራባችሁ ብዬ አይደለም፤ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ መጨረሻ የሚያወጣት መጽሔት አለች። አዘጋጇ እኔ፣ ጸሐፊዋ እኔ፣ አራሚዋ እኔ፣ ማተሚያ ቤት ተመላላሿም እኔው ነኝ። የሥራ መደቤ «የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ» ይባላል። ሕዝቡ ግን ከእኔ ጋር የሚገናኘው ልጁ መጽሔቷ ላይ ሳይወጣለት የቀረ ለት ብቻ ነው።

ኃላፊያችን ማንም ቅር ብሎት እንዲሄድ አይፈልጉም። «እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ በአንድ ነገር አንደኛ መሆን አለበት» ይላሉ ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀስረው። ስለዚህ የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ እኔ ሥራዬ አንደኝነት ፍለጋ ነው። በፈተና ካልተገኘ በስፖርት፣ በስፖርት ካልተገኘ በንጽሕና፣ በንጽሕናም ካልሆነ አጥራቸውን ቀለም ቀብተው እንደሆነ በአጥር። ባለፈው ዓመት ነፋስ ጣራውን የወሰደበት ትምህርት ቤት ነበር። ርእሰ መምህሩ ሪፖርታቸውን ይዘው ሲመጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። አስቤ አስቤ «በተፈጥሮ ብርሃን አጠቃቀም ከወረዳው አንደኛ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ሰውየው የምስክር ወረቀቱን በመስተዋት አስገብተው ቢሮአቸው ውስጥ ሰቅለውታል። ጣራው እስከ ዛሬ አልተሠራም።

በዚህ የተነሣ ኃላፊያችንን ከጀርባቸው «አንደኛ» ነው የምንላቸው። «አንደኛ ገቡ?» «አይ፣ አንደኛ ስብሰባ ላይ ናቸው» እንባባላለን። ይሰማሉ መሰለኝ። ደስ ሳይላቸውም አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ልጄ ልምጣ። ልጄ አንደኛ የምትወጣው እኔ ሳልጽፍላት ነው፤ ያውም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ። በማን እንደወጣች አላውቅም። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሂሳብ ጋር እንደተኳረፈ የሞተ ሰው ነው፤ እኔም የማባዛው በጣቴ ነው። እሷ ግን ራት ሳቀርብ እንኳ መጽሐፏን ከሳህኑ ሥር ታነጥፋለች። ወጥ ያልነካው የፊዚክስ መጽሐፍ የላትም።

ሆኖም ስሟ መጽሔቴ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አንድም ዓመት። ትምህርት ቤቷ በየዓመቱ የጎበዝ ተማሪዎችን ስም ይልክልኛል፣ የሷም ስም ከላይ ይሆናል፣ እኔ እሱን ዘልዬ ከሁለተኛው እጀምራለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ያወራል። በተለይ ገንዘብ ያዣችን። ይህችን ሴት «ሬዲዮ» ነው የምንላት፤ ጠዋት የሰማችውን እስከ ምሳ ድረስ ለመላው ጽሕፈት ቤት ታዳርሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በድጋሚ ታቀርባለች። ልጄን አንዴ ባወጣት «የመንግሥት ወረቀት ላይ የገዛ ልጇን ታሞካሻለች» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ይገባ ነበር። እኔ ደግሞ በሰው አፍ ከመግባት እሳት ውስጥ ብገባ ይሻለኛል። ስለዚህ ዘለልኳት፤ በመዝለሌም እኮራ ነበር። እንደኔ ንጹሕ ሠራተኛ የት ይገኛል እያልኩ ራሴን በራሴ አሞግስ ነበር፤ ሌላ የሚያሞግሰኝ ስላልነበረ።

ልጄም አንድ ቀን «ለምን?» ብላኝ አታውቅም። መጽሔቷ በወጣች ቁጥር ከሽፋን እስከ ሽፋን ታነባታለች፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣታለች፣ ወደ ጥናቷ ትመለሳለች። ብልህ ልጅ ናት፣ ነገሩ ገብቷታል እል ነበር።

ዘንድሮ ግን ሁለት ነገር ተገጣጠመ። አንደኛው፣ እኛ ወረዳ ያለውን ክፍል ሁሉ ስለጨረሰች ከክረምቱ በኋላ ትልቁ ከተማ አክስቷ ጋ ሄዳ ልትማር ነው። ስለዚህ ይህቺ የመጨረሻዋ መጽሔት ናት፤ ዘንድሮ ካልወጣች በቃ፣ አትወጣም። ሁለተኛው፣ ለወረዳው የጥያቄና መልስ ውድድር ፍጻሜ ደረሰች። የፍጻሜው አሸናፊ ደግሞ ዋንጫውን ይዞ ሽፋን ላይ ይወጣል። ይህ ደንብ ነው፤ እኔ ያወጣሁት አይደለም፣ ከእኔ በፊት የነበረ ነው። ልጄ ብታሸንፍ ያወጣት ደንቡ እንጂ እናቷ አይደለችም። ሬዲዮም ብትሆን በደንብ ላይ አፏን አትከፍትም። ለዓመታት የዘለልኳትን ልጅ አንድ ጊዜ፣ ያውም ሽፋን ላይ፣ እጄን ሳላስነካ ላያት ነው ብዬ ጓጓሁ። ስጓጓ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም።

የፍጻሜ ተፋላሚዎቹ ላይኛውና ታችኛው ትምህርት ቤት ናቸው። ላይኛው ቤተ ሙከራ አለው፣ ሣር አለው፣ የሚሠራ የውሃ ቧንቧ አለው። ታችኛው፣ ማለትም የልጄ፣ ደወል አለው። ከታችኛው የተመረጡት ሦስት ልጆች ልጄ፣ ጎረምሳው «ረጅሙ»፣ እና «ሹክሹክታ» የምትባል ልጅ ናቸው። ሹክሹክታ የማታውቀው ነገር የለም፤ ችግሩ የምታውቀውን ለመስማት ጆሮን አፏ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ የሥራ ምስጢር ልንገራችሁ። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው የአሸናፊዎች ፎቶ የሚነሣው ከውድድሩ በፊት ነው። ምን እናድርግ? ወረዳው ያለው አንድ ፎቶ አንሺ ነው፣ ወሩ ደግሞ የሰርግና የምረቃ ነው። ለእኛ የሚሰጠን አንድ ጠዋት ብቻ ነው፣ እሱንም በልመና። ማተሚያ ቤቱም ውድድሩ ባለቀ ማግስት ሁሉን ነገር ካልሰጠሁት ለዓመቱ መዝጊያ በዓል አያደርስም። ስለዚህ ሁለቱንም ቡድኖች በየተራ ዋንጫውን አስይዘን እናስነሣለን። ሁለቱም እንዳሸነፉ ሆነው ይስቃሉ። ከዚያ ይወዳደራሉ፣ ያሸነፉት ሽፋን ይሆናሉ፣ የተሸነፉት ሳቅ ተቀዶ ይጣላል። ይህን ነገር እንግዳ ሰው ሲሰማው ይገረማል። እኛ ለምደነዋል።

በዚያ ጠዋት መጀመሪያ የተነሡት ላይኞቹ ናቸው። የስፖርት መምህራቸው ሳቁን ሳምንቱን ሙሉ አለማምዷቸዋል መሰለኝ፣ ፊሽካ ነፋ፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ዋንጫውን ከፍ አድርገው ጥርሳቸውን እስከ መንጋጋቸው አሳዩ። አንደኛው ልጅ እንዲያውም የደስታ እንባ አወጣ። ፎቶ አንሺው «የኔ ጌቶች! ሙሽሮቼ እንደናንተ ቢስቁልኝ ምን ነበረበት!» አለ።

ቀጥሎ የኛዎቹ ቆሙ። ረጅሙ ሳቀ። ሹክሹክታም በዝግታ ሳቀች። ልጄ ዋንጫውን በአንድ እጇ፣ የሰው ዕቃ አደራ እንደተሰጣት ሆና ያዘችውና ግንባሯን ቋጠረች።

«ሳቂ እንጂ፣ እናቴ» አላት ፎቶ አንሺው።

«ምን ተገኘና?»

«ምን ተገኘ ትላለች እንዴ! ዋንጫ ይዘሻል!»

«ይዣለሁ እንጂ መች በላነው? ገና ያልበላነውን ዋንጫ ይዤ አልገለፍጥም።»

ፎቶ አንሺው ወደ እኔ ዞረ። እኔ በዓይኔ ለመንኳት፣ በቅንድቤ አስፈራራኋት። መጨረሻ ላይ ተጠግቼ «ለእኔ ስትዪ፣ ትንሽ ብቻ፣ ጥርስ እንኳ አያስፈልግም» አልኳት።

«ብንሸነፍስ?» አለችኝ። «የት ልገባ ነው ይሄን ሳቅ ይዤ?»

«ይቀደዳል።»

«እሱ ነው የሚያስጠላው» አለች፣ ግንባሯንም አልፈታችም። ፎቶ አንሺው ሰዓቱን አየ፤ የሰው ሙሽራ እየጠበቀችው ነበር። እንደተኮሳተረች አንሥቷት ሄደ።

ውድድሩ የተካሄደው በላይኛው ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። እኔ ከኋላ፣ የአየር ማራገቢያው ሥር ቆሜያለሁ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ስለሆንኩ ማጨብጨብ አይፈቀድልኝም። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ጥርሴን ነክሼ ነበር። አንዱ ሲመራ ሌላው ሲደርስበት መጨረሻ ላይ እኩል ሆኑ። ሹክሹክታ አንዱን ጥያቄ በትክክል መልሳ ዳኛው ሳይሰሟት አልፈውት ነበር፤ ረጅሙ ተነሥቶ «ብላለች እኮ! ብላለች!» እያለ ባይጮህ ኖሮ ነጥባችን ቀርቶ ነበር።

ዳኛው መነጽራቸውን ጠርገው የመለያ ጥያቄውን አነበቡ። «ሽንኩርት ሲከተፍ ሰው ለምን ያለቅሳል?»

ከላይኛው ትምህርት ቤት ያ የደስታ እንባ ያወጣው ልጅ ደወሉን ቀድሞ መታና «ስለሚያቃጥል» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው «በቂ አይደለም» ብለው ወደኛዎቹ ዞሩ።

ልጄ ተነሣች። «ሽንኩርቱ ሲቆረጥ ውስጡ የነበሩት ነገሮች ተገናኝተው ጋዝ ይሠራሉ። ጋዙ ዓይናችን ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ዓይን ደግሞ አሲዱን ለማጠብ እንባ ያወጣል።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ነበር። እኔም እጆቼ ከብብቴ አምልጠው አጨበጨቡ። እውነቱን ለመናገር ልጄ ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት ከትፋ አታውቅም፤ የማለቅሰው እኔ ነኝ፣ እሷ ቆማ ምክንያቱን ትነግረኛለች። በዚያች ቀን ግን ለዘላለም ብከትፍላት ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ እቤት ገብታ ቦርሳዋን ወርውራ ቂጣውን ቆማ ትገምጥ ጀመር። ከወትሮው ውጪ ትዞረኛለች።

«አሸናፊ ሽፋን ላይ ይወጣል አይደል?» አለችኝ።

«ይወጣል።»

«ደንብ ነው አይደል?»

«ደንብ ነው።»

«እንግዲህ ዘንድሮ ምን ታመጪ!» አለችና ጉንጯ ሙሉ እንደሆነ ወደ ክፍሏ ገባች። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነው የወሰድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ፎቶዎች ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ሽፋኑን ማጽደቅ ይወዳሉ፤ ውስጡን ግን አያነቡም። አንብበው አያውቁም። መዝጊያው ቀን መድረክ ላይ ወጥተው፣ ገና ከማተሚያ ቤት የመጣችውን መጽሔት ከፍ አድርገው ከሽፋኑ ጀምረው ጮክ ብለው ያነቧታል። ያን ለት ከተሰብሳቢው እኩል ነው የሚሰሙት።

የልጄን ቡድን ፎቶ አንሥተው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይቺ ምን ሆና ነው? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ ያነሣችኋቸው?»

ልጅ እንዳለኝ ያውቃሉ፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ጠይቀው አያውቁም።

«ያሸነፉት እነሱ ናቸው» አልኳቸው።

«ሌላውን አሳዪኝ።» የላይኞቹን ሳቅ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ይኸው! አሸናፊ ማለት እንዲህ ነው። ይሄን አድርጊው።»

«እነዚህ እኮ የተሸነፉት ናቸው።»

«ማን ያውቃል?»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷል!»

«ስሚ እህቴ» አሉኝ፣ ወንበራቸውን ወደኋላ ገፍተው፣ «ያየ ሰው መጽሔት አያነብም። የሚያነበው ያላየው ነው። ዘንድሮ ከበላይ እንግዳ ይመጣሉ። ሽፋኑ ላይ ማየት የሚፈልጉት ጥርስ ነው።»

«እሺ፣ ያሸነፉትን አሁን በስልክ ላንሣቸው።»

«ዋንጫውስ?»

ዋንጫው የአሸናፊው ስም ሊቀረጽበት ቀራጩ ጋ ሄዷል፤ ቀራጩ ደግሞ ለመዝጊያው ቀን ካልሆነ አልሰጥም ብሏል።

«ያለ ዋንጫ ማን አሸናፊ ይላቸዋል?» አሉና የሚስቁትን ወደኔ ገፉልኝ። «ሥሩ ላይ 'የውድድሩ ድምቀቶች' በዪበት። ውሸት አይደለም፣ ደምቀዋል። ለታችኛው ትምህርት ቤትም የሆነ አንደኝነት ፈልጊለት። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

እንግዲህ እኔ ማን ነኝና ልከራከራቸው? ሁለቱንም ፎቶዎች ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በእግሬ ወደ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እናደዳለሁ፣ ግን ማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም። በኃላፊያችን ላይ እንዳልናደድ፣ እሳቸው እንዲህ መሆናቸውን የማውቀው ከስንት ዘመን ጀምሮ ነው። በልጄ ላይ እንዳልናደድ፣ ትክክለኛዋ እሷ ናት። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ምክንያቱም ውስጤ ያለች አንዲት ሴትዮ «ይሻላል እንዲያውም፣ ሰው አያወራም» እያለችኝ ነበር። ያቺን ሴትዮ በጥፊ ባጮላት ደስ ባለኝ።

አታሚው በቀለም የተጨማለቀ ሽርጥ የለበሰ፣ ከማሽኑ ጋር እየተሰዳደበ የሚሠራ ሰው ነው። ስደርስ ለማሽኑ «አንቺ ከይሲ» እያለ ብሎን ያጠብቅላት ነበር።

«ሽፋኑን አመጣሽ?» አለኝ።

ሁለቱን ፎቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት።

«የቷን ነው?»

አየኋቸው። የላይኞቹ ልጆች ስቀዋል፤ ምን ያድርጉ፣ ሳቁ ተብለው ነው። የልጄን ፊት አየሁት። ግንባሯ ተቋጥሯል፣ ከንፈሯ ተለጥፏል፣ ዋንጫው ደግሞ እጇ ላይ ከብዷት ሳይሆን አላምን ብላው ዘንበል ብሏል። ከዚያ ሁሉ የገለፈጠ ሕዝብ መካከል አንዲት ያልዋሸች ልጅ፤ እሷም የኔ። ኮራሁባት፤ ያውም በጣም ኮራሁባት።

«ይቺን» አልኩት። «እስክሪብቶ ስጠኝ፣ የፎቶ መግለጫ ልጽፍ ነው።»

ቆሜ ጻፍኩ። ያን ሁሉ ዓመት «ለአካባቢው ኩራት የሆነች»፣ «ብሩህ ተስፋ የተጣለባት» እያልኩ የሰው ልጅ ሳሞካሽ እጄ አይቆምም ነበር። ለሷ አንዱም አልመጣልኝ አለ፤ ሁሉም ሌላ ሰው ለብሶት ያወለቀው ነው። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ጻፍኩ። አታሚው ወረቀቱን ተቀብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

«ከሥራ ያባርሩሻል» አለኝ።

«ጉዳዩ የኔ ነው። አትምልኝ።»

«ቆራጥ ነሽ» አለና ወረቀቱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወደ ከይሲዋ ተመለሰ።

የመዝጊያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንግዳው ፊት ወንበር ላይ አበባ ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል። መጽሔቷ ገና ታጥፋ፣ የቀለም ሽታዋ ሳይለቃት ደረሰች። ልጄ ከክፍሏ ልጆች ጋር መሐል ረድፍ ላይ ነበረች። እኔ ከኋላ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ኃላፊያችን መድረኩ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መጽሔቷን ከፍ አደረጉ። ሽፋኑን ያዩ ይሆናል፣ ላያዩም ይችላሉ፤ መነጽራቸው የንባብ ነው፣ የሚያዩት ፊደል ብቻ ነው። በዚያ በታወቀ የበዓል ድምፃቸው ጀመሩ፦

«የጥያቄና መልስ ውድድር አሸናፊዎች! ፎቶው የተነሣው ከውድድሩ በፊት ነው! ሁለቱም ቡድኖች አሸናፊ ሳይታወቅ ዋንጫ ይዘው ሳቁ ተብለዋል! ከሦስቱ አንዷ፣ ገና ያልበላነውን ዋንጫ ይዤ አልገለፍጥም ብላ ተኮሳትራለች!»

የሚያነቡት ነገር ምን እንደሆነ እየገባቸው መጣ። ነገር ግን ኃላፊያችን አንዴ ከጀመሩ ፍሬን የላቸውም፤ አራት ነጥብ ሳያገኙ መቆም አያውቁም፤ እኔ ደግሞ ይህን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።

«የመጨረሻውን ጥያቄ የመለሰችው እሷ ናት! እሷም የዚህች መጽሔት አዘጋጅ ልጅ ናት! ሰው ያወራል ተብሎ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ አንደኛ እየወጣች፣ ስሟ አንድም ቀን እዚህ ወጥቶ አያውቅም! እንግዲህ አሁን አውሩ!»

እንደ ልማዳቸው ጭብጨባ እስኪመጣ ቆም አሉ። በጭብጨባው ፈንታ ከጎን በኩል የገንዘብ ያዣችን ድምፅ «እኛ መቼ አወራን!» ሲል ተሰማ፤ በዚህ ጊዜ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እንግዳው እንኳ አበባቸው እስኪረግፍ ሳቁ። ከላይኛው ትምህርት ቤት ወላጆች አንዲት እናት ተነሥታ «የኛዎቹም ስቀዋል፣ ፎቶአችን የት አለ?» ብላ ጮኸች። ኃላፊያችን መጽሔቷን ገልብጠው ሽፋኗን አዩ፣ እኔን በዓይናቸው ፈለጉ፣ ሲያገኙኝም በጣታቸው ወደ ቢሮአቸው አቅጣጫ አመለከቱኝ። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳቸው።

ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ሲወጣ ልጄ በሕዝቡ መካከል እየተጋፋች መጣች። ልስቅ፣ ላቅፋት ተዘጋጅቼ ነበር። ፊቷን ሳየው እጄ አየር ላይ ቀረ። ዓይኗ ቀልቷል። መጽሔቷን ጠቅልላ ጨብጣታለች።

«እማዬ፣ ሰው ያወራል ብለሽ ያልሽው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በቃ ለዚህ ነው?»

«ሌላ ምን ይሆናል?»

«እኔ እኮ የማልበቃ መስሎኝ ነበር።»

አልገባኝም። «ለምኑ የማትበቂ?»

«ለመጽሔትሽ። ስለ ጥርስ መቦረሽ ግጥም ለጻፈችው ልጅ ሙሉ ገጽ ሰጠሻት። አጥር ቀለም ለቀቡ ልጆች ፎቶ አወጣሽላቸው። እኔ አንደኛ ወጥቼ አንድ መስመር የለም። ለእማዬ ይሄ አይበቃትም፣ ሌላ ነገር ነው የምትፈልገው ብዬ ነው እኮ እንደዚያ የማጠናው። በየዓመቱ ከፍቼ ፈልጌ ሳጣው፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትንሽ ልጨምር እል ነበር።»

የራት ሳህኗ ሥር የተነጠፉት መጽሐፎች፣ እኔ ለሰው በኩራት ያወራሁላቸው፣ ሁሉም በአንዴ ልቤ ላይ ወደቁብኝ። ጉብዝና ነው ያልኩት ለካ ጥያቄ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ልጅነቷ ወጣት እስክትሆን፣ በየዓመቱ እየጠየቀችኝ፣ እኔ በየዓመቱ አይሆንም እያልኳት ኖሬያለሁ።

«ነገሩ ይገባሻል ብዬ ነው» አልኳት።

«ሳትነግሪኝ እንዴት ይገባኛል?»

ሰዎች ወንበር እየደራረቡ በአጠገባችን ያልፋሉ፣ አንዳንዱ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይለናል። ኃላፊያችን ቢሮ ድረስ እንድሄድ ሰው ልከውብኝ ነበር፤ «ይጠብቁኝ» አልኩ። ልጄን እጇን ይዤ ካልተነሡት ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጥኳትና እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው አሁን ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ከመጀመሪያው ካርዷ ጀመርኩ፤ ያመጣችው ቀን ማድ ቤት ገብቼ ብቻዬን በደስታ እንደዘለልኩ፣ ያን ዓመት ስሟን ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ እንደሰረዝኩት ነገርኳት። ወደሚቀጥለው ዓመት ሄድኩ። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ አዳራሹን ልዘጋ ነው ስትለን ገና አራተኛ ክፍል ላይ ነበርን።